ወይዘሮ የሺሐረግ ወለተ በየነ ተጨማሪውን የማስተማር ፈቃድ ከዴንተን ማርከው የተመለሱበት ዜና

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ አምስት የሚባለው አውራ ጎዳና ከተቆፈረ ወዲህ የዓመቱ ቍጥር ለሰው በጠፋበት፣ ብርቱካንማ በርሜሎችም በመንገዱ ግራና ቀኝ በነገሡበት ዘመን፣ ወይዘሮ የሺሐረግ ወደ ቴክሳስ ምድር በገቡ በዐሥራ አንደኛው፣ በዳላስ ከተማ በቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ማርከር በጨበጡ በአራተኛው፣ በዚያም ትምህርት ቤት ሦስተኛዋ ርእሰ መምህርት በነገሠች በመጀመሪያው ዓመት፣ ከእርሷ በፊት የነበሩት ሁለቱ አንዱ በፈቃዱ አንዷም ያለ ፈቃዷ ከዙፋን ወርደዋልና፣ ይህ አሁን የምንጽፈው ታላቅ ነገር ሆነ። የሰማ ሁሉ ተደንቋል፤ ያልሰማም ቢኖር ሥራ በዝቶበት ነው።

እኒህም የሺሐረግ፣ ወለተ በየነ፣ ዘብሔረ ሜስኪት፣ የማባዛትና የማካፈል እመቤት፣ በደብረ ማርቆስ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ ስልሳ ተማሪ በአንድ ዓይን ብቻ ጸጥ ያሰኙ የነበሩ፣ ማዕረጋቸው መምህርተ አሕዛብ ነው። ይህን ማዕረግ ለሙገሳ ብለን አልሰጠናቸውም፣ ቆጥረን ነው እንጂ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሩባት በክፍል ዐሥራ ሁለት ከሚቀመጡት ሃያ ሁለት ሕፃናት ስድስቱ ስዋሂሊ፣ አራቱ ዳሪ፣ ሦስቱ ፓሽቶ፣ ሦስቱ በርማ፣ ሁለቱ ትግርኛ፣ ሁለቱ ስፓኒሽ፣ አንዱ ኪንያርዋንዳ፣ አንዷ ደግሞ አረብኛ ይናገራሉ። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር በዚያ ክፍል አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያ ነው።

አረብኛ ተናጋሪዋ ሊና ትባላለች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ከሶርያ ወጥታ በዮርዳኖስ አድርጋ የመጣች። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በዚያ ትምህርት ቤት አንዲት ቃል አልወጣትም፤ አታለቅስም፣ አልታመመችም፣ አፏን ብቻ ዘግታ ትቀመጣለች። በሚያዝያ መጨረሻ ግን ወደ ወይዘሮ የሺሐረግ ጠጋ ብላ በጆሯቸው በእንግሊዝኛ «ውኃ» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት «እርሳሴ» አለች። ትምህርት ሲዘጋ ዐሥራ አንድ ቃል ደርሳ ነበር፤ ዐሥራ አንዱም የተነገሩት በዚያው በአንድ ጆሮ ነው። የልጆች አማካሪዋም፣ መምህሯ ከተለወጠች ይህች ልጅ ከዜሮ ትጀምራለች ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ወይዘሮ የሺሐረግ ይህን ከሰሙ ወዲህ ያንን ጆሮ እንኳ ሲታጠቡ ይሳሱለት ነበር።

እንግዲህ በግንቦት መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ጓዙን ሸክፎ ለዕረፍት ሊበተን ሲል፣ ከርእሰ መምህርቲቱ እንዲህ የሚል አዋጅ በኢሜል ወጣ፦

«ውድ ሚስ በየነ፤ ክፍል ዐሥራ ሁለት ባለፈው ዓመት በጊዜያዊ ፈቃድ እንደ ተሰጠሽ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የሚያስፈልገው ኢኤስኤል የሚባለው ተጨማሪ ፈቃድ እስከ ኦገስት ስምንት ካልቀረበ፣ ልጆቹ ወደ አራተኛ ክፍል ሲያልፉ በአንቺ ፈንታ ፈቃድ ያለው መምህር ይረከባቸዋል፤ አንቺም ወደ ሌላ ሕንፃ ትዛወሪያለሽ። መልካም ሰመር።»

በአዋጁም ግርጌ መነጽር ያደረገች የምትስቅ ፀሐይ ተሥላ ነበር። ወይዘሮ የሺሐረግ አዋጁን ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ በሦስተኛው ፀሐይዋን ጠሏት።

ስለ ቀደሙት ሁለት ሽንፈቶች ዝም ብንል በወደድን፤ ዳሩ ግን ጸሐፊ ያየውን ይጽፋል እንጂ ምን ያደርጋል። በጥር አንድ ጊዜ፣ በግንቦት መባቻ አንድ ጊዜ ለዚሁ ፈቃድ ተፈትነው ወድቀዋል። እንግሊዝኛው አልከበዳቸውም። የከበዳቸው ነገር ሌላ ነው። የፈተናው ጥያቄ ሁሉ መልኩ አንድ ነውና፣ ተማሪው እንዲህ ሆነ፣ መምህሩ አስቀድሞ ምን ያድርግ ይላል። ተማሪው ሲናገር ተሳሳተ፣ ምን ይደረግ? ወዲያው ይታረም አሉ፤ አለዚያ መምህሩ እንጀራውን በምን ሥራው ይበላል? ሁለት ልጆች በቤታቸው ቋንቋ ያወራሉ፣ ምን ይደረግ? ይለያዩ አሉ። ተማሪው ተጠይቆ ዝም አለ፣ ምን ይደረግ? ጮክ ተብሎ ይደገምለት አሉ። ይህ ሁሉ በደብረ ማርቆስ ትክክል ነበር፤ በቴክሳስ ግን ሁሉም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። የገረመን ነገር ቢኖር በክፍላቸው ውስጥ እርሳቸው ራሳቸው እንዲህ አለማድረጋቸው ነው፤ ከሊና ጋር ስምንት ወር ዝም ብለው የተቀመጡ ሴት፣ ወረቀት ፊት ሲቀርቡ ግን የድሮዋ መምህርት ትነሣባቸዋለች።

ይህን ያስተዋለች ሴት ልጃቸው ኪዳነምሕረት ናት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በሜስኪት ያደገች፣ በትምህርት ቤቷ ኪኪ የምትባል። እርሷም በወጥ ቤቱ መካከል ቆማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«ማሚ፣ ሶ፣ ስሚኝ። መልሱ ሁልጊዜ ናይሱ ነው፣ ኦኬ? ማለቴ፣ አንቺ ደስ ያለሽን ፒክ አታድርጊ። አንቺን ደስ ካለሽ እሱ ሮንግ ነው።»

ዘንተ ሰሚዓ፣ ይህን ሰምተው፣ ወይዘሮ የሺሐረግ ደጉን መልስ መምረጥ ይለምዱ ዘንድ ስድስት ሳምንት ሠለጠኑ፤ መለማመጃም ስላልነበራቸው በባላቸው ጀመሩ። ባላቸው አቶ ጋሹ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭኑ፣ ሰባት ሻንጣ በአንድ እጅ የሚያነሡ ጀግና ሲሆኑ፣ ቆሻሻ ማውጣት ግን ይረሳሉ። ድሮ ቢሆን ጣራው ይነሣ ነበር። አሁን ግን ወይዘሮ የሺሐረግ ምንም ሳይናገሩ፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ፈገግ ብለው ይጠብቋቸው ጀመር። አቶ ጋሹ በመጀመሪያው ቀን ተገረሙ፣ በሁለተኛው ታመምሽ እንዴ ብለው ጠየቁ፣ በሦስተኛው ቀን ፈርተው ቆሻሻውን አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ ሳይጠየቁ የጎረቤት ጭምር ያወጣሉ። በዚህም መንገዱ እንደሚሠራ ታወቀ።

ቀኑ ግን ጠበበ። በዳላስም በሜስኪትም በአቅራቢያውም ያለው የፈተና ቦታ ሁሉ ሞልቶ፣ ከኦገስት ስምንት በፊት የተገኘው አንድ ወንበር በዴንተን ነበረ፤ እርሱም ሐምሌ ዐሥራ ሰባት ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ያለው ወንበር ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ዘመቻ ብቻ ቀረ፤ ከወደቁ ሊና ለማታውቀው ሰው ትሰጣለች።

ወበይእቲ ዕለት፣ በዚያች ቀን፣ ገና በዐሥራ ሁለት ሰዓት የዘመቻው ሠራዊት ከሜስኪት ተነሣ። ፊታውራሪው አቶ ጋሹ ናቸው፤ መሪ የጨበጡ፣ የሥራ ፈረቃቸውን ከባልደረባ ተለዋውጠው የመጡ። ጸሐፌ ትእዛዟ ኪዳነምሕረት ናት፤ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት የጥያቄ ካርዶች በጫማ ካርቶን ይዛ ከኋላ የተቀመጠች። የስንቅ አዛዧና የደጀን አለቃዋ እማማ አገሬ ናቸው፤ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ማንም ያልጠራቸው፣ ሰው ለፈተና ብቻውን አይላክም ብለው በገዛ ፈቃዳቸው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የተገኙ። እርሳቸውም ቆሎ በፌስታል፣ ጸበል በኮዳ፣ ደግሞም በዚያ ደመና በሌለበት የቴክሳስ ሰማይ ስር የዝናብ ጃንጥላ ይዘዋል። የሠራዊቱ ፈረስ ብርማ መኪና ነው፤ የፈረስ ስሙም አባ ቼክ ኢንጂን ይባላል፤ ከመሪው ፊት ያለችው፣ ሞተሩ ይታይ የምትለው ቢጫ መብራት ከተገዛ ጀምሮ ጠፍታ አታውቅምና። መንገዱንም የስልኩ ሴትዮ ትመራ ነበር፤ እማማ አገሬ ግን ይህች ሴት ተሳስታለች እያሉ አራት ጊዜ ሽረዋታል።

በርሜሎቹን ድል አድርገው፣ ሁለት ጊዜ መውጫ አልፈው፣ አንድ ጊዜ ተመልሰው፣ ሰዓቱ ሊሞላ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዴንተን ደረሱ። የፈተናው ቤት ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ ነው። አጃቢ አይገባም ተባለና ሠራዊቱ በመኪና ማቆሚያው በነበረችው አንዲት ዛፍ ስር ሰፈረ። ወይዘሮ የሺሐረግ ብቻቸውን ደረጃውን ወጡ፤ በየደረጃው ናይሱ፣ ናይሱ፣ ናይሱ ይሉ ነበር።

ከላይም የፈተና ጠባቂዋ ተቀበለቻቸው፤ ፀጉሯ ነጭ፣ መነጽሯ በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት። መታወቂያቸውን አየች፣ እጅጌያቸውን አስጠቀለለች፣ ኪሳቸውን አስገለበጠች፣ ከኪሳቸውም ሳያውቁት የተገኘውን የእማማ አገሬን ቆሎ ቆጥራ በቁም ሣጥን ቆለፈችበት። ከዚያ በኋላ ሕጉን ታነብ ጀመር። አምስት ሕግ ነበረ፤ በየሕጉም መጨረሻ ትስማሚያለሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይታገሠን። በእኛ ዘንድ «አዎ» ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከአፍ ይወጣል፤ እርሱ ለፍርድ ቤትና ለስልክ ነው። ሁለተኛው ወደ አፍ ይገባል፤ ትንፋሽን «እህ» ብሎ በድንገት ወደ ውስጥ መሳብ ነው፣ ጨዋ ሰውም ከልቡ ሲስማማ የሚያደርገው ይህንን ነው። ማንም አላስተማረንም፤ ማንምም ሊያስተወን አልቻለም። ወይዘሮ የሺሐረግ በዐሥራ አንድ ዓመት ጫማ ለውጠዋል፣ መኪና ለውጠዋል፣ ሕልም እንኳ በእንግሊዝኛ ማየት ጀምረዋል፤ ሲጨነቁ ግን የሚመጣላቸው «አዎ» ያው የሚገባው ነው።

ስለዚህ ጠባቂዋ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ትስማሚያለሽ ወይ ስትል፣ ወይዘሮ የሺሐረግ «እህ» ብለው ተነፈሱ፤ ወደ ውስጥ። ጠባቂዋ ከመነጽሯ በላይ አየቻቸው። ሁለተኛውን ሕግ አነበበች። ወይዘሮ የሺሐረግም መስማማታቸው ይታወቅላቸው ብለው ከፊተኛው አስበልጠው ሳቡት። ያን ጊዜ ጠባቂዋ ብድግ አለች። ደኅና ነሽ ወይ አለቻቸው፤ «እህ» አሉ። ይሰማሻል ወይ አለቻቸው፤ «እህ» አሉ። እርሷም አልሰሙም ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን በየፊደሉ እየጎተተች፣ ለደንቆሮ እንደሚጮኽ ደግማ ደጋግማ ጠየቀች። ወይዘሮ የሺሐረግ ጩኸቱ አልገባቸውም፤ ምናልባት የዴንተን ሰው አክብሮቱ እንዲህ ይሆናል ብለው፣ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሕይወታቸው ትልቁን «አዎ» ወደ ውስጥ ሳቡ።

ሁሉን ያበላሸችው በደረት ላይ ያረፈችው እጅ ናት። ወሶቤሃ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ጠባቂዋ እንዲህ ስትል ለቤቱ ሁሉ ዐወጀች፦

«ማንም ከቦታው አይነሣ! ሴትዮዋ መተንፈስ አቅቷታል!»

ወንበር መጣ፣ ውኃ መጣ፣ ማራገቢያ መጣ፣ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ አንድ ተደወለ። አምቡላንሱም እየጮኸ ወደ ሰፈሩ ሲገባ፣ በዛፏ ስር ያለው ሠራዊት ተመለከተ። አቶ ጋሹ ሚስታቸው ታመው ስለማያውቁ ለጥርስ ሐኪሙ ነው አሉ። ኪዳነምሕረት ካርዶቿን ጣለች። እማማ አገሬ ግን ይህ ፈተና ይህን ያህል ሰው የሚጥል ከሆነ ጸበሉን ለምን ከታች አስቀመጣችሁት ብለው ቤተሰቡን ወቀሱ።

በላይ ደግሞ ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች በወይዘሮ የሺሐረግ ፊት የኦክስጅን ጭንብል አደረጉ። ወይዘሮ የሺሐረግ አሁን ነገሩ ገብቷቸው ነበርና ምንም አልሆንኩም ብለው በእንግሊዝኛ ጮኹ፤ ቃሉ ግን በጭንብሉ ውስጥ ቀረ። ደረትሽን ያምሻል ወይ ተባሉ፤ በምላሳቸው «ጽ» አሉ፤ ይህም የእኛ «አይደለም» በጭንብሉ ውስጥ ቀረ። ስምሽን ታውቂያለሽ ወይ ተባሉ፤ ይህን የማያውቅ ማን አለና፣ «እህ» አሉ። ሠራተኞቹ ተያዩና አልጋውን አስመጡ።

በግድግዳውም ላይ ሰዓት ነበረ። የቤቱ ሕግ፣ ከተቀጠረበት ሰዓት በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠ እንዳልመጣ ይቆጠራል ይላል። ዐሥራ ስምንት ደቂቃ አልፏል። ወይዘሮ የሺሐረግ ያን ሰዓት ሲያዩ፣ በሁለት ጊዜ ሽንፈት ያላለቀሱ ሴት እንባቸው በጭንብሉ ጠርዝ ወረደ። ለራሳቸው አልነበረም። ሊና በነሐሴ መጥታ በር ላይ ሌላ ሰው ስታይ ታያቸው፤ ዐሥራ አንዱ ቃል ተመልሶ ሲዋጥ ታያቸው።

በዚያች የጭንቅ ሰዓት አንድ ጎልማሳ ተራቸውን ከሚጠብቁት ተፈታኞች መካከል ተነሣ። ስሙ ሌሊሳ ነው፤ ከነቀምት የመጣ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ለእርሱም ፈቃድ ሊፈተን የተቀመጠ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የራሱን ፎርሙላ በልቡ እየደገመ ቀና ብሎ አላየም ነበር። አሁን ግን አየና ገባው። በከባድ ቦት ጫማው ወለሉን እየመታ መጥቶ በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦

«አልታመመችም! አዎ እያለች ነው! እኛ አገር አዎ እንደዚህ ነው የሚባለው!»

ጠባቂዋም እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

ሌሊሳም «እህ» አለ።

ሁለተኛ ወንበር መጣ። ሌሊሳ በሁለት ሰው ተይዞ ተቀመጠ፤ ክንዱም በደም ግፊት መለኪያ ታሰረ። ጠባቂዋ ምናልባት በአየሩ ውስጥ አንዳች ነገር አለ ብላ መስኮቱን ልትከፍት ሮጠች፤ መስኮቱ ግን የማይከፈት ዓይነት ነበረ።

ያዳናቸው ሰው አይደለም፣ ጣት ቆንጥጣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ናት። በወይዘሮ የሺሐረግ ጣት ላይ ዘጠና ዘጠኝ አለች፤ በሌሊሳም ጣት ላይ ዘጠና ዘጠኝ አለች። ከአምቡላንስ ሠራተኞቹም አንዱ በራሱ ጣት ላይ ሞከራትና ዘጠና አራት አለችው። እርሱም ወደ ጠባቂዋ ዞሮ፣ እኒህ ሁለቱ ከሁላችን የተሻለ ይተነፍሳሉ ብሎ ጭንብሉን አወለቀላቸው። ሲወጣም በመኪና ማቆሚያው ላይ እርሱ ራሱ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ሲለማመድ እንደ ታየ እማማ አገሬ ይመሰክራሉ።

ጠባቂዋ የመተዳደሪያውን መጽሐፍ ገለጠች። ስለ ሳል ምዕራፍ አለው፣ ስለ ማስነጠስ አለው፣ ከባለቤቱ ጋር ስለሚገባ ውሻ ሁለት ገጽ አለው፤ ወደ ውስጥ ስለሚባል አዎ ግን አንድ መስመር የለውም። ወደ በላይ አለቃዋ ደወለች። ከላይም እንዲህ የሚል ፍርድ ወረደ፦ «አዎው በቃል ይውጣ፤ ሕጉም ከመጀመሪያው ይነበብ።» ሃያ አራት ደቂቃ ሆኗል።

እዚህ ነው ጀግንነቱ። ለሰው ቀላል ይመስለዋል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ወደ ውስጥ ሲገባ የኖረን ነገር በአንድ ጠዋት እንዲወጣ ማድረግ ግን ሞክራችሁ እዩት። ወይዘሮ የሺሐረግ ዘዴ አበጁ፤ በሳንባቸው ያለውን አየር ሁሉ አስቀድመው አስወጡ፣ የሚሳብ ቦታ እንዳይኖር ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ ጥያቄው ሲያልቅ የቀረችውን በ«የስ» አወጧት። አንደኛው ሕግ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። በአራተኛው ላይ ፊታቸው ቀልቶ፣ «እህ» ጉሮሯቸው በር ላይ ደርሳ ነበር፤ ሌሊሳ ክንዱ እንደ ታሰረ በአፉ «የስ፣ የስ» እያለ ምልክት ሰጣቸው፤ ነክሰው መለሷት። አምስተኛውን ሲሉ ጠባቂዋ ሳይታወቃት እፎይ አለች። በሃያ ዘጠነኛው ደቂቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሌሊሳም በተራው ተፈትኖ በዚያው ቀን ፈቃዱን እንዳገኘ ለክብሩ እንጽፋለን።

ሰማንያ ጥያቄ ነበረ። እስከ አርባው ድረስ በኪዳነምሕረት ሕግ እየተመሩ፣ ደስ ያላቸውን እየተው ደጉን እየመረጡ ሄዱ። በአርባ አንደኛው ግን ቆሙ። ጥያቄው እንዲህ ነበረ፦ አንዲት አዲስ ተማሪ ስትጠየቅ በቃል አትመልስም፤ መምህሯ አስቀድማ ምን ታድርግ? ሀ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትድገምላት። ለ፣ ወደ ሐኪም ትላካት። ሐ፣ አልገባትም ብላ ትመዝግባት። መ፣ ትጠብቃት፤ ልጅቷ በሌላ መንገድ እየመለሰች እንደ ሆነም ታስተውል።

በጥርም በግንቦትም «ሀ» ብለው ነበር። አሁን ግን በአንድ ጠዋት «ሀ» ተደርጎባቸዋል፣ «ለ» ተደርጎባቸዋል፣ «ሐ»ም በአምቡላንሱ ወረቀት ላይ በቀይ ተጽፎባቸዋል። ደግ የሚባለውን መልስ መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ በዚያ ጠዋት ከሰው ያጡትን ነገር በስሙ አወቁት። ከት ብለው ሳቁ። ጠባቂዋ በመስታወቱ ውስጥ አይታ እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች፤ ወይዘሮ የሺሐረግ ግን ምንም ሳይተነፍሱ አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት። ከአርባ አንድ እስከ ሰማንያ የነበረውን እያንዳንዱን ጥያቄ በዚያ ወንበር ላይ ጭንብል አድርጎ እንደ ተቀመጠ ሰው ሆነው መለሱ።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከዚህ በኋላ፣ ሠራዊቱ ወደ ሜስኪት ተመለሰ፤ ውጤቱም ሁለት ሳምንት ቆየ። ነሐሴ አንድ ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ጠዋት፣ ወይዘሮ የሺሐረግ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳሉ ኪዳነምሕረት ስልኩን ይዛ እየሮጠች መጣችና «ማሚ፣ ፓስ አደረግሽ!» ስትል ዐወጀች። ማለፊያው ሁለት መቶ አርባ ሲሆን እርሳቸው ያገኙት ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ነበረ። እማማ አገሬ ከላይኛው ፎቅ መስኮት እልል አሉ፤ አቶ ጋሹ የሚሉት ጠፍቷቸው ቆሻሻ አወጡ። ፈቃዱም በዚያው ሰዓት ለርእሰ መምህርቲቱ ተላከ፤ ከርእሰ መምህርቲቱም ከአንድ ቃልና ከሦስት ቃለ አጋኖ ጋር ያችው ፀሐይ መጣች። ክፍል ዐሥራ ሁለት ጸና።

ነሐሴ ስድስት ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ትምህርት ተከፈተ። ወይዘሮ የሺሐረግ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረው በሩ ላይ ቆሙ። ሊና መጣች፤ ቁመቷ ጨምሯል፣ አንድ የፊት ጥርሷ ወልቋል። አየቻቸው፣ አልፋቸው ገባች፣ ተቀመጠች። ወደ ጆሯቸው አልመጣችም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ያች ልጅ አፏን አልከፈተችም። ወይዘሮ የሺሐረግ ሌላውን ልጅ እያስተማሩ ዓይናቸው ከእርሷ አልተነሣም፤ ክረምቱ ሁሉን ነገር ወሰደው፣ ያን ሁሉ የደከምኩት ለባዶ ነው ብለው ቅስማቸው ተሰበረ።

ከረፋዱም አራት ሰዓት ላይ ሁለት አዳዲስ ልጆች ከጽሕፈት ቤት ተላኩ፤ እኅትማማቾች ናቸው፣ ከኮንጎ በዚያው ሳምንት የገቡ። በሩን ሁለቱም በሁለት እጃቸው ያዙት። ወይዘሮ የሺሐረግ ስማቸውን ጠየቁ። መልስ የለም። የደብረ ማርቆሷ መምህርት በውስጣቸው ተነሥታ ጮክ ብለሽ ድገሚላቸው አለቻቸው፤ ወይዘሮ የሺሐረግ አስቀመጧት። እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ሃያ ሁለቱ ልጆችም አብረው ጠበቁ። ቆየ፤ እንዲያው በጣም ቆየ።

ያን ጊዜ ሊና ከወንበሯ ተነሣች። ወደ ጆሮ አልሄደችም። በክፍሉ መካከል አልፋ በሩ ድረስ ሄደች፣ በሁለቱ እኅትማማች ፊት ቆመች፣ ሁሉም እየሰማት፣ ድምፅ ማጉያው እንኳ በማያውቀው ድምፅ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦

«ኖ ስኬር። ሲት። ዚስ ቲቸር ዌይት።»

አትፍሩ፣ ተቀመጡ፣ ይህች አስተማሪ ትጠብቃለች ማለቷ ነው። ልጆቹም በሩን ለቀው ገቡ።

እንግዲህ እናወድስ። ከተማ የያዙ አሉ፣ ወንዝ የገደቡ አሉ፣ ስማቸውም በየአደባባዩ ተጽፏል። የሺሐረግ ወለተ በየነ፣ ዘብሔረ ሜስኪት፣ መምህርተ አሕዛብ፣ የዴንተን ድል አድራጊ፣ ባለ ሁለት መቶ ስልሳ አንድ፣ ከእነዚያ ሁሉ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። ያች ሕፃን በስምንት ወርና በአንድ ክረምት ያወጣችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሦስት የሰዋስው ስሕተት ነበረበትና፤ ሦስቱንም ሰምተዋቸዋል፣ ሦስቱንም ቆጥረዋቸዋል፣ ሦስቱም እርማት ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጥርሳቸውን ገጥመው፣ እንባቸውን ማርከር በያዘው እጃቸው እየጠረጉ፣ ግንባራቸውን በሰማያዊ ቀለም እየቀቡ፣ አንዱንም አላረሙም።